የሚበረክት የኋላ ካምቢዮ ለጎጃም መንገድ፦ አመራረጡ፣ አገጣጠሙና አያያዙ

በባሕር ዳር ሰፋፊና ሜዳማ ጎዳናዎች ላይ ሳይክል ተማሪውንም፣ ሠራተኛውንም፣ ነጋዴውንም የሚያመላልስ የዘወትር መጓጓዣ ነው፤ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ መራዊ፣ ወደ አዴት ወይም ወደ ዘጌ የሚዘልቀውም ጥቂት አይደለም። ማርሽ ባላቸው ሳይክሎች ላይ ባለቤቱን ቀድሞ የሚያስቸግረው ክፍል ብዙውን ጊዜ የኋላ ካምቢዮ ነው፤ ይኸውም ከኋላ ጎማ አጠገብ ተንጠልጥሎ ሰንሰለቱን ከአንዱ ባለጥርስ ክብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መሣሪያ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ብዙ ሰው «ካምቢዮው አብቅቶለታል» ተብሎ አዲስ ይገዛል፤ የቀድሞው የተበላሸበት ምክንያት ሳይመረመር ስለሚቀር አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ችግር ያሳያል።

የካምቢዮን ዕድሜ ከዋጋው ይበልጥ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተሰቀለበት ጆሮ (ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ቀጥ ማለቱ፣ ማርሹ በእጅ ከሚቀየርበት መቀየሪያና ከጥርሶቹ ጋር መስማማቱ፣ እንዲሁም ሰንሰለቱ የሚያገኘው ጽዳት። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከግዢ አይጀምርም። አስቀድሞ ያለውን ካምቢዮ መመርመር፣ እውነት አልቆ ከተገኘ ተስማሚውን መምረጥ፣ ከዚያ በኋላ በሥርዓት መግጠምና መጠበቅ ይገባል።

የካምቢዮው አሠራር

የካምቢዮው ዋና አካል በአራት ማጠፊያዎች የተያያዘ ተንቀሳቃሽ አራት ማዕዘን ነው። የመቀየሪያው ሽቦ ሲሳብ ይህ አካል ወደ ጎማው መሀል ይጠጋል፤ ሽቦው ሲላላ በውስጡ ያለው ሞላ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ከሥሩ ሁለት ትናንሽ መዘውሮችን የያዘ ማቀፊያ ተንጠልጥሏል። የላይኛው መዘውር ሰንሰለቱን ወደሚፈለገው ክብ ይመራዋል፤ የታችኛው ደግሞ በሌላ ሞላ ጉልበት ወደ ኋላ እየሳበ ሰንሰለቱ እንዳይረግብ ያደርጋል። በላዩ ላይ ሦስት ትናንሽ ቪቴዎች አሉ። ሁለቱ ካምቢዮው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እስከ የት መሄድ እንደሚችል ይገድባሉ፤ በብዙዎቹ ላይ «ኤች» እና «ኤል» የሚሉ የላቲን ፊደላት ተቀርጾባቸዋል። ሦስተኛው የላይኛው መዘውር ከክቦቹ ምን ያህል እንደሚርቅ ይወስናል።

ከዚህ አሠራር እንደምንረዳው የሚያልቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ማጠፊያዎቹ፣ መዘውሮቹና አልፎ አልፎ ሞላዎቹ ናቸው። ካምቢዮውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው ጆሮ ግን አያልቅም፤ ይታጠፋል። በእኔ አመለካከት በየጥገና ቤቱ «ሞተ» ከሚባለው ካምቢዮ ውስጥ ብዙው የሚሠራ ነው፤ የታጠፈ ጆሮ ላይ ስለተሰቀለ ብቻ ያለ ጥፋቱ ይወገዛል።

ያለውን ካምቢዮ መመርመር

በመጀመሪያ ካምቢዮውን ያጽዱ። ጭቃና የደረቀ ዘይት እንደ ተጋገረበት የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል። ጥቂት ላምባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየነከሩ ማጠፊያዎቹን፣ ሞላውንና መዘውሮቹን ይጥረጉ፤ ላምባው ወደ ጎማው ወይም ወደ ፍሬኑ እንዳይረጭ በጨርቅ ይከልሉ። ሲደርቅ በእያንዳንዱ ማጠፊያ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ።

ቀጥሎ ሽቦውን ከካምቢዮው ፈትተው አካሉን በእጅ ወደ ጎማው መሀል ገፍተው ይልቀቁት። ያለ ማመንታት ወደ ውጭ ከተመለሰ ሞላውና ማጠፊያዎቹ ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ሽቦው ተያይዞ ሳለ ይዘገይ የነበረ ከሆነም ጥፋቱ የሽቦውና የሽፋኑ ነው። የሽቦው ሽፋን ከመጨረሻው ጥምዝ ላይ ውኃና አፈር ስለሚይዝ በውስጡ ዝገት ይፈጠራል፤ ይህን መለወጥ ደግሞ ካምቢዮ ከመለወጥ እጅግ የሚቀል ወጪ ነው። ሽፋኑ ሲገዛ የማርሽ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የፍሬን ሽፋን ሲጨመቅ ትንሽ ስለሚያጥር በየደረጃው ለሚቆጠር መቀየሪያ አይሆንም። የማርሽ ሽቦ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፍሬኑ ከዚህ ይወፍራል።

ሦስተኛው ምርመራ ንቅናቄ ነው። የማቀፊያውን የታችኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያነቃንቁት። ጥቂት መላወስ በአዲስ ካምቢዮም ላይ አለ፤ ነገር ግን ዋናው አካል በማጠፊያዎቹ ላይ ሲንገዳገድ በዓይን የሚታይ ከሆነ ማጠፊያዎቹ አልቀዋል። በባለ 7 ክብ ሳይክል ከአንዱ ክብ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በባለ 8 ደግሞ 4.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን ሲያስቡ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚላወስ አካል ሰንሰለቱን በትክክል ሊያሳርፍ እንደማይችል ግልጽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሚሠራቸው ብዙ ካምቢዮዎች ላይ የላይኛው መዘውር በዘንጉ ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ የመዘውሩ መንሸራተት እንደ ብልሽት አይቆጠር። የታችኛውንና የላይኛውን መዘውር አቀያይሮ መግጠም የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመዘውሮቹ ጥርሶች እንደ እሾህ ከሾሉ ይለወጡ፤ ለብቻቸው ይሸጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጆሮው እንመጣለን። ሳይክሉን አቁመው ከኋላ በኩል ዝቅ ብለው ይመልከቱ። የሁለቱ መዘውሮች መስመር ከክቦቹ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ የታችኛው መዘውር ወደ ጎማው ዘምሞ ከታየ ጆሮው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሳይክል በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ወይም በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሌላ ዕቃ ሲጫነው የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው፤ መታጠፉ ትንሽ ከሆነ ካልተፈለገ በስተቀር ዓይን አይስበውም።

በዓይን የታየውን በልክ ማረጋገጥ ይቻላል። ለዚህ ሥራ የተሠራ መለኪያ ያለው ጥገና ቤት ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ሌላ የኋላ ጎማ ይበቃል። ካምቢዮው የሚታሰርበት ቀዳዳ ጥርስ (ብሎኑ የሚዞርበት ጠመዝማዛ መስመር) በአብዛኞቹ ሳይክሎች 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና የ1 ሚሊ ሜትር እርምጃ፣ ማለትም ከመስመር እስከ መስመር የ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነው፤ በፍጥነት የሚፈታ ማሰሪያ ያላቸው የኋላ ጎማዎች አክሰልም ብዙውን ጊዜ ይኸው ልክ አለው። ካምቢዮውን አውርደው የዚህን ትርፍ ጎማ አክሰል በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ በእጅ ያዙሩት። በዳዶ የሚታሰሩ ወፍራም አክሰሎች ግን ብዙዎቹ በኢንች የሚለኩ ናቸው፤ ያለ ጉልበት ካልገባ ፈጽሞ አያስገድዱት፤ የጆሮው ጥርስ ከተበላ ኪሳራው ከካምቢዮው ይብሳል። አክሰሉ ገብቶ ሲጠብቅ ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በሁለቱ ቸርኬዎች መካከል ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ በኩል በማስመሪያ ይለኩ። አራቱም ቦታዎች ላይ ርቀቱ እኩል ከሆነ ጆሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ከታየ ታጥፏል።

ለማቅናት ትርፉን ጎማ እንደ ማንሻ ተጠቅመው ርቀቱ ወደ ጠበበበት ተቃራኒ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይግፉና ደግመው ይለኩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመግፋት ጥቂት በጥቂት ማድረግ ይሻላል። ጆሮው ከብረት ፍሬም ጋር አንድ ወጥ ከሆነ መቅናቱን በደንብ ይችላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታገሣል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየበትም መለወጥ አለበት። የአሉሚኒየም ፍሬም ያላቸው ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ ጆሯቸው በቪቴ የሚፈታ ነው፤ ይህም አደጋ ሲደርስ እርሱ ታጥፎ ወይም ተሰብሮ ፍሬሙን እንዲያድን ታስቦ የተሠራ ነው። የጆሮው ቅርጽ ከሳይክል ሳይክል ስለሚለያይ አሮጌውን ይዞ ሄዶ አስተያይቶ መግዛት ግድ ነው። ካምቢዮው ተሰቅሎ ሳለ ማቀፊያውን ይዞ ጆሮውን ለማቅናት መሞከር ግን ደኅናውን ካምቢዮ ማጥፋት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠመዎ በትሕትና ያስቁሙት።

አመራረጥ

ምርመራው ማጠፊያዎቹ ማለቃቸውን ወይም አካሉ መሰበሩን ካረጋገጠ አዲስ ይገዛል። ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት አራት ነገሮች በወረቀት ይጻፉ።

የመጀመሪያው የኋላ ክቦች ብዛትና የመቀየሪያው ዓይነት ነው። መቀየሪያው «ቀጭ» እያለ በደረጃ የሚሄድ ከሆነ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚስበው የሽቦ ልክ ከካምቢዮው ጋር መስማማት አለበት። በሺማኖ ሥራዎች ውስጥ ከባለ 6 እስከ ባለ 9 ክብ የተሠሩት አብዛኞቹ ካምቢዮዎች በዚህ ረገድ እርስ በርስ ይተካካሉ፤ ስለዚህ ለባለ 7 ሳይክል የባለ 8 ወይም የባለ 9 ካምቢዮ ቢገጠም ይሠራል። ባለ 10 የተራራ ሳይክል ካምቢዮ ግን የሽቦ አሳሳቡ የተለየ ስለሆነ ከእነዚህ መቀየሪያዎች ጋር አይስማማም። ስራም የሚባለው ኩባንያ በራሱ የአሳሳብ ልክ የሠራቸው ካምቢዮዎችም ከሺማኖ መቀየሪያ ጋር አይሄዱም። በአሮጌ ሳይክሎች ላይ ያለው፣ ደረጃ ሳይኖረው እየተንሸራተተ የሚቆመው መቀየሪያ ግን ከማንኛውም ካምቢዮ ጋር ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በሰው እጅ ካለም አይጣል።

ሁለተኛው የትልቁ የኋላ ክብ ጥርስ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ካምቢዮ ሊሸከመው የሚችለው ትልቁ ክብ ይታወቃል፤ ለ28 ጥርስ የተሠራው በ34 ላይ ቢገጠም የላይኛው መዘውር ከክቡ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛው ማቀፊያው ሊሰበስበው የሚችለው የሰንሰለት ርዝመት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፊት ትልቁ ክብ ጥርስ ላይ የትንሹ ይቀነሳል፤ ከኋላም እንዲሁ ይደረጋል፤ ሁለቱ ውጤቶች ይደመራሉ። ለምሳሌ ከፊት 42 እና 24፣ ከኋላ 28 እና 14 ጥርስ ያለው ሳይክል 18 እና 14 ተደምሮ 32 ይሆናል። ከኋላ ያለው ትልቁ 34 ቢሆን ድምሩ 38 ይደርሳል። የሚገዛው ካምቢዮ ከዚህ ድምር ያላነሰ አቅም ሊኖረው ይገባል። የሺማኖ ቱርኒ ቲዋይ 300 እና አልተስ ኤም 310 የተባሉት እስከ 34 ጥርስ ክብና እስከ 43 ድምር ይችላሉ፤ በአካባቢያችን ለሚገኙት አብዛኞቹ ባለ 7 እና ባለ 8 ሳይክሎች ይህ ይበቃል።

አራተኛው አሰቃቀሉ ነው። አንዳንዱ ፍሬም የካምቢዮ ጆሮ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው በአክሰሉ ሥር ተይዞ የሚታሰር የራሱ የብረት ላሜራ ያለው ካምቢዮ ይገዛል። ጆሮ ላለው ፍሬም ግን ያለ ላሜራ በቀጥታ የሚታሰረው ይሻላል፤ መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር መላወስም ይበዛልና።

ስለ ደረጃና ስለ ዋጋ የሚነሳውን ጥያቄ ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። ዛሬ በርካሹም በውዱም ካምቢዮ ላይ የምናየው፣ አካሉ ዘምሞ የላይኛውን መዘውር በክቦቹ ዳገት ልክ ዝቅና ከፍ የሚያደርገው ቅርጽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የጃፓኑ ሰንቱር ኩባንያ የሠራው ነው። የባለቤትነት መብቱ በ1984 ሲያበቃ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ በዚያው ዓመት ሺማኖ በደረጃ የሚቆጠረውን መቀየሪያ በላቀው ምርቱ ላይ አወጣ። እንግዲህ ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው ካምቢዮ በአሠራሩ ከ1950ዎቹ ውድ ሥራዎች የተሻለ ነው። በ1960ዎቹ የፈረንሳዩ ሲምፕሌክስ ከፕላስቲክ የሠራቸው ካምቢዮዎች ደግሞ በመሰንጠቃቸው ይታወቃሉ፤ ከዚህ የምንማረው አካሉንና የማሰሪያውን ቦታ አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ ነው። ዋናው ተሸካሚ ክፍል ከፕላስቲክ የሆነውን አይግዙ። የመዘውሮቹ ፕላስቲክ መሆን ግን ምንም ነውር የለበትም።

ከሺማኖ የተራራ ሳይክል ሥራዎች ከታች ወደ ላይ ቱርኒ፣ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲዮሬ እያሉ ይወጣሉ፤ ከዚያም በላይ አሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ማጠፊያዎቹ ይበልጥ ይጠብቃሉ፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ለዕለት ተመላላሽ የምመክረው አልተስ ወይም አሴራ ነው። ቱርኒም ኦርጅናል ከሆነና ቀጥ ባለ ጆሮ ላይ ከተሰቀለ ያገለግላል። ለረዥም ጉዞ ሳይክሉን የሚጠቀም ሰው አሊቪዮ ወይም የባለ 9 ዲዮሬ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። ከዚያ በላይ ለመክፈል የሚያስብ ሰው ግን ትርፉን ገንዘብ ለአዲስ ሰንሰለት፣ ለሽቦና ለትርፍ ጆሮ ቢያውለው የተሻለ ነው፤ ውዱ ካምቢዮም በታጠፈ ጆሮና ባለቀ ሰንሰለት ላይ ከርካሹ አይሻልምና።

መንገዱም ምርጫውን ይወስናል። ከባሕር ዳር ከተማ የማይወጣ ሰው ትልቁ የኋላ ክብ 28 ቢሆን ይበቃዋል፤ አጭር ማቀፊያ ያለው ካምቢዮም ይሻለዋል፤ ዝቅ ብሎ ስለማይንጠለጠል ከድንጋይና ከቁጥቋጦ ይርቃል። ለደብረ ማርቆስ ዳገቶች፣ ለሞጣና ለቢቸና መንገድ፣ በተለይም ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን ለሚወጣው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቀበት ግን 34 ጥርስ ያስፈልጋል። ከፊት 24 ጥርስ ላይ ሆኖ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር በ28 የኋላ ጎማው 0.86 ዙር ይሄዳል፤ በ34 ደግሞ 0.71 ዙር ብቻ፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀልላል። ለእንዲህ ያለው ረዥም ማቀፊያ ግዴታ ነው።

ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ያገለገለ ዲዮሬ ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል። ከላይ የተዘረዘሩትን የንቅናቄና የሞላ ምርመራዎች ሱቁ ውስጥ ያድርጉበት፤ የማሰሪያው ብሎን ጥርስ አለመበላቱንም ይዩ። በሺማኖ ሥራዎች ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከጀርባ በኩል በአካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ስሙ በተለጣፊ ወረቀት ብቻ የተጻፈበትንና ቁጥር የሌለውን መጠራጠር ተገቢ ነው።

አገጣጠም

አሮጌውን ሲያወርዱ ሰንሰለቱ በትንሹ የኋላ ክብ ላይ ይሁን፤ ሽቦው የሚላላው እዚያ ሲሆን ነውና። የጆሮውን ቀዳዳ ጥርስ በጨርቅ አጽድተው በአዲሱ ብሎን ላይ ጥቂት ግራሶ ይቀቡ። ብሎኑን መጀመሪያ በጣት ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ያስገቡ፤ በጣት ካልገባ ዘምሟልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። የካምቢዮው የኋላ ምላስ ከጆሮው እርከን ጀርባ ማረፉን፣ በላዩ ላይ አለመውጣቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በ5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ያጥብቁ። የማጥበቂያው ጉልበት ልክ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ከሌለ የመፍቻውን አጭሩን ክንድ ሳይሆን ረዥሙን ይዘው፣ ሳያስረዝሙት፣ በአንድ እጅ ጠንከር አድርገው ማጥበቅ ይበቃል።

ሰንሰለቱ አዲስ ከሆነ ርዝመቱ ይለካ። በካምቢዮው ውስጥ ሳያልፍ በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ክብ ላይ ያዙሩት፤ ሁለቱ ጫፎች ከሚገናኙበት ላይ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ማያያዣ፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ጨምረው ይቁረጡ። ከዚህ ያጠረ ሰንሰለት ሰው ሳያስብ ትልቁን በትልቁ ላይ ያስገባ ዕለት ካምቢዮውን ከነጆሮው ይነቅለዋል።

አሁን ሽቦው ሳይታሰር ሁለቱ ገደቦች ይስተካከሉ። ብዙዎች ሽቦውን አስረው ከዚያ ቪቴዎቹን ይነካካሉ፤ እንዲህ ሲሆን የሽቦው ውጥረት ከቪቴው ጋር ተቀላቅሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ በ«ኤች» ቪቴ የላይኛው መዘውር ከትንሹ ክብ ልክ ሥር እንዲቆም ያድርጉ። ቀጥሎ ካምቢዮውን በእጅ ወደ ውስጥ እየገፉ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ ክብ ያውጡና በ«ኤል» ቪቴ መዘውሩ ከትልቁ ክብ ሥር አልፎ ወደ ጎማው እንዳይሄድ ይገድቡት። ሁለተኛውን በጥንቃቄ ይሥሩት። ገደቡ ላልቶ ከተተወ፣ በአቀበት ላይ ማርሽ ሲቀየር ማቀፊያው በጎማው ዘንጎች መካከል ይገባል፤ ጎማው ሲዞርም ካምቢዮውን፣ ጆሮውንና ዘንጎቹን በአንድ ቅጽበት ይሰባብራል፤ ተሳፋሪውም ይወድቃል።

ገደቦቹ ሲያበቁ መቀየሪያውን ሽቦው እጅግ ወደሚላላበት ደረጃ ያድርሱ። በእጅ የሚዞረውን የሽቦ ማወጠሪያ እስከ መጨረሻው አስገብተው አንድ ዙር ያህል ይመልሱት። ሽቦውን በፒንሳ ሳብ አድርገው በማሰሪያው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ያስገቡና ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። አንድ ደረጃ ሲቀይሩ ሰንሰለቱ ወደ ሁለተኛው ክብ ካልወጣ ማወጠሪያውን ሩብ ዙር ወደ ውጭ ያዙሩ፤ አልፎ ወደ ሦስተኛው ከተጋፋ ሩብ ዙር ያስገቡት። ይህንን ሁሉም ክቦች ላይ ያለ ጩኸት እስኪያርፍ ድረስ ይደጋግሙ። በመጨረሻም ሰንሰለቱን በትንሹ የፊትና በትልቁ የኋላ ክብ ላይ አድርገው፣ በሦስተኛው ቪቴ በላይኛው መዘውርና በክቡ መካከል 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ያስተካክሉ። አዲስ ሽቦ ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሽ ስለሚላላ ማወጠሪያውን አንድ ጊዜ እንደገና መንካት ያስፈልጋል።

አያያዝ

በክረምት የዋልካ ጭቃ ሰንሰለቱንና መዘውሮቹን ሲጋግራቸው ፔዳሉ እንደመያዝ ይላል። እዚህ ላይ በጉልበት መርገጥ ለካምቢዮው ከሁሉ የከፋው ነገር ነው፤ የተያዘው ሰንሰለት ማቀፊያውን ወደ ላይ እየጎተተ ያጣምመዋል። ወርደው ጭቃውን በእንጨት ይፈልፍሉ፤ ውኃ ካለ ያፍስሱበት፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው ሰንሰለቱ በነፃነት መሮጡን ካዩ በኋላ ይቀጥሉ። ሳይክልን ወደ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማጠብ ንጹሕ መልክ ይሰጣል፤ ነገር ግን ውኃው ወደ ማጠፊያዎቹና ወደ ኩሽኔታዎቹ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። ባልዲና ብሩሽ ይሻላል።

ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በውስጡ የሞተሩ የብረት ብናኝ አለ፤ በበጋ የሚነሳውን ቀይ አቧራም ይሰበስባል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ሰንሰለቱንም መዘውሮቹንም ይሞርዳሉ። ንጹሕ ቀጭን ዘይት በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው ጥቂት ካዞሩ በኋላ ከላይ ያለውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይውሰዱ። የሚሠራው ውስጥ የገባው ዘይት ነው።

የሰንሰለቱን መርዘም በማስመሪያ መከታተል ይቻላል። በአዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ፒን መሀል ተነስቶ፣ መነሻው ሳይቆጠር፣ 24ኛው ፒን መሀል ድረስ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት 306.5 ገደማ ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለወጥ፤ ከዚያ ካለፈ ክቦቹንም ይዞ ያልቃል። ያለቀ ሰንሰለት ወደ ጎን ስለሚልፈሰፈስ ማርሹ ሲዘገይ ጥፋቱ በካምቢዮው ላይ ይወድቃል።

ሳይክል በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ጣራ ላይ ሲጫን ሰንሰለቱን አስቀድመው ወደ ትልቁ የኋላ ክብ ያስገቡ፤ ካምቢዮው ወደ ውስጥ ይሸሸጋል። ከዚያ በግራ ጎኑ ይተኛ፤ የካምቢዮው ጎን ወደ ሰማይ ይሁን፤ በላዩም ዕቃ እንዳይደረብ ለጫኚው አስቀድመው ይንገሩት። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በጣራ ላይ የተንገላታ ሳይክል ሲወርድ፣ ከመንዳት በፊት ከኋላ ሆኖ የመዘውሮቹን መስመር ማየት ይገባል። ጆሮው ወደ ውስጥ ታጥፎ ከሆነ ወደ ትልቁ ክብ አይቀይሩ፤ እስኪቃና ድረስ በመሀሉ ይጠቀሙ።

ከከተማ ርቀው ሳለ ካምቢዮው ቢሰበር ሳይክሉን ማርሽ አልባ አድርጎ መመለስ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሰንሰለት መፍቻና ካምቢዮውን የሚያወርደው ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ነው። ካምቢዮውን ያውርዱ፤ ከፊት መካከለኛው ክብ ጋር በቀጥታ መስመር ላይ ያለውን የኋላ ክብ ይምረጡ፤ ሰንሰለቱን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ብቻ አዙረው ብዙ ሳይረግብና ሳይወጠር ያሳጥሩት። ሲቆርጡ ፒኑን ሙሉ በሙሉ አያውጡት፤ ጫፉ በውጭኛው ላሜራ ውስጥ እንደተያዘ ከቀረ ተመልሶ ሊገፋ ይችላል፤ ይህም ከባለ 6 እስከ ባለ 8 ለሆኑ ሰንሰለቶች የሚሠራ ሲሆን ከዚያ የሚቀጥኑት ግን አዲስ ማያያዣ ይፈልጋሉ። አቀበት ላይ ቆመው አይርገጡ፤ ሰንሰለቱ ወደ ሌላ ክብ ሊዘል ይችላል። የተቆረጠችውን ቁራጭ ሰንሰለት በኪስ ይያዙ፤ አዲሱ ካምቢዮ ሲገጠም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።